አንዱ ስትሪፕ እኔን ጥሎኝ ወንድሜን ለምን አልነካውም?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ዕድሜዬ 31 ነው፤ የሰባት ወር ልጅ አጠባለሁ። ባለፈው ወር መንጋጋ ጥርሴን ተነቅዬ ለሕመሙ ትራማዶል የሚባል ባለ 50 ሚሊግራም ካፕሱል ታዘዘልኝ። አንዷን እንደዋጥኩ ዞረብኝ፣ አስመለሰኝ፣ ከዚያ እስከ ማግስቱ ራሴን ሳላውቅ ተኛሁ። ልጁን አቅፋ ያደረችው እናቴ ናት። የቀረውን ስትሪፕ ታላቅ ወንድሜ ለወገቡ ወሰደው። እሱ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ጫት ይቅማል። «ሁለት ሁለት ብውጥም ውሃ ነው» አለኝ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ «መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው» ይላሉ። ሌላም አለ። የባሌ እህት እኛው ጋ ናት፤ የቲቢ መድኃኒት ከጀመረች ሁለት ወሯ ነው። ክንዷ ላይ የተቀበረ የወሊድ መከላከያ አላት። ጤና ጣቢያ «ላይሠራልሽ ይችላል» አሏት። የሚዋጥ ኪኒን ክንድ ውስጥ ያለውን እንዴት ያበላሸዋል? እኔ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጥርስ ልነቀል ደሴ እወጣለሁ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከፎርጅዱ ልጀምር። አስመሳይ መድኃኒት ገበያ ላይ የለም አልልም። የእርስዎ ነገር ግን እሱን አይመስልም። ከአንድ ስትሪፕ የወጣ አንዱ ካፕሱል እርስዎን ጥሎ አሳድሮ፣ ጎኑ ያለው ካፕሱል ወንድምዎ ጋ ሲደርስ ውሃ የሚሆንበት ምክንያት የለም። የተለያየው የገባበት ሰውነት ነው።

ካርቶኑ ላይ «50 ሚሊግራም» ተብሎ የተጻፈው ወደ አፍዎ የሚገባውን ብቻ ነው የሚነግርዎ። ደምዎ ውስጥ ስንቱ እንደሚደርስ፣ ደርሶም ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚወስነው በአብዛኛው ጉበት ነው። ከዚያ ኩላሊት ይቀጥላል። የዋጡት ነገር ከአንጀት ከተመጠጠ በኋላ መላ ሰውነትን ከማዳረሱ በፊት ጉበት ውስጥ ያልፋል። አንዳንዱ መድኃኒት ብዙው እዚያው ተሰባብሮ ይቀራል። ለከባድ ሕመም የሚሰጠውን ሞርፊን ብንወስድ፣ በአፍ የሚታዘዘው መጠን በደም ሥር ከሚሰጠው ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ሐኪሙ በዘፈቀደ አብዝቶ አይደለም፤ ጉበት የሚቀንሰውን አስቦ ነው።

ጉበት ይህን የሚያደርገው ለምንድነው? አብዛኛው መድኃኒት ቅባት ወዳድ ነው። ኩላሊት ደግሞ በሽንት ማስወጣት የሚቀናው በውሃ የሚሟሟውን ነው። ቅባት የነካው ነጠላ በውሃ ብቻ ሲታሽ ቢውል አይለቅም፤ እንዶድ ይፈልጋል። ጉበት ውስጥ ያሉት ኢንዛይም የሚባሉ ቀያሪ ንጥረ ነገሮችም መድኃኒቱን ቀይረው ውሃ እንዲያጥበው ያደርጉታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያመልጠው ነገር አለ። ጉበት መድኃኒቱን ሲቀይር ሁልጊዜ እያከሸፈው አይደለም። አንዳንዱን ጭራሽ የሚያነቃው እሱ ነው። የእርስዎ ትራማዶል ከነዚህ ነው። እንደተዋጠ ብዙም አቅም የለውም። ሕመሙን በደንብ የሚያስታግሰው ጉበት ከቀየረው በኋላ የሚወጣው ነገር ነው። የሚቀይረው ኢንዛይም ሲዋይፒ ቱዲሲክስ ይባላል። ስሙን መሸምደድ አያስፈልግዎትም፤ ጠባዩን ግን ይወቁት፣ ምክንያቱም የእኛን አገር ሰው በቀጥታ ይመለከታል።

ይህ ኢንዛይም የሚሠራው ከእናትና ከአባት በምንወርሰው ዘር (ጂን) ትእዛዝ ነው። አንዳንድ ሰው የሚወርሰው የማይሠራውን ነው፤ እሱ ትራማዶል ቢውጥ ብዙም አይሻለውም። አብዛኛው ሰው መሀል ላይ ነው። ጥቂቱ ግን ያው ትእዛዝ ተደራርቦ ይወለዳል፤ ኢንዛይሙ ይበዛለታል፣ መድኃኒቱንም በጥድፊያ ይቀይረዋል። «ጥቂቱ» ያልኩት የአውሮፓን ሰው ይዤ ነው። ስዊድን ውስጥ እንዲህ ያለው ሰው ከ100 አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ግን፣ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን ከ100 ወደ 29 የሚሆኑት ይህ የተደራረበ ዘር ነበራቸው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ፈረንጅ ለፈረንጅ የለካው መጠን ለሁላችንም ልክ ይሆናል ብሎ ማሰብ እንደማያዋጣ የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ እኛ ሐኪሞችም ብንሆን ሲዘነጋን ይታያል።

ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነገርም አይደለም። ኮዴይን የሚባል ማስታገሻ አለ። ሳል መድኃኒት ውስጥም ይገባል። ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚቀይረው ያው ኢንዛይም ነው። በጥድፊያ የሚቀይር ሰው ትንሽ ኮዴይን ወስዶ ብዙ ሞርፊን ደሙ ውስጥ ያገኛል፤ ትንፋሽ እስከ መድከም ይደርሳል። የአገራችን የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይን ሥራ ላይ እንዳይውል የከለከለው በዚህ የተነሳ ነው። ዱባይ ወይም ሳዑዲ ያለ ዘመድ «ለሳል ፍቱን ነው» ብሎ የላከው ሽሮፕ ቤት ውስጥ ካለ፣ ጀርባውን አንብቡት።

እንግዲህ እርስዎ በጥድፊያ ከሚቀይሩት ወገን ኖት? ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ነኝ ግን አልልም። ትራማዶል ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደውን፣ በተለይም ባዶ ሆዱን የዋጠውን ሰው ማዞርና ማስመለስ የተለመደ ነው። ክብደትም፣ ድካምም፣ ሌሊቱን ከሕፃን ጋር ማደርም ይጨመርበት። የሚለየው የዘር ምርመራ አለ፤ ጤና ጣቢያ ሄደው የሚያገኙት ግን አይደለም። ሳይመረመሩም ቢሆን ለጥንቃቄው የሚበቃ ነገር አግኝተናል፦ 50 ሚሊግራም ለእርስዎ በዝቷል።

ስለ ልጁ አልጠየቁኝም፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን እሱ ነው። ትራማዶልም፣ ጉበት ከቀየረው በኋላ የሚወጣው ብርቱው ነገርም፣ ወደ ጡት ወተት ያልፋሉ። መጠኑ ጥቂት ነው። እናቲቱ በጥድፊያ የምትቀይር ከሆነች ግን ለሕፃኑ ጥቂት ላይሆን ይችላል፣ የሕፃን ጉበትና ኩላሊት ደግሞ ገና ለጋ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ትራማዶል ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳይሰጥ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት አስጠንቅቋል። ባለፈው ወር ስለወሰዷት አንዲት ካፕሱል አይጨነቁ። ትራማዶል በየስድስት ሰዓቱ ገደማ ደም ውስጥ ካለው ግማሹ ይወገዳል፤ የቀረው ደግሞ በስድስት ሰዓት ግማሹ፤ እንዲያ እያለ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከቁጥር አይገባም። ሁለተኛ ግን አይውጡት።

ወንድምዎ ጋ እንሂድ። አንድ እናትና አባት የወለዷቸው ልጆች እንኳ የተለያየ ዘር ይወርሳሉ፤ ስለዚህ መሠረቱ ሊለያይ ይችላል። በዚያ ላይ ጫቱ አለ። እዚሁ አገር ውስጥ ፈቃደኞች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ ጫት ይህንኑ ኢንዛይም ሥራውን እንደሚቀንስበት አሳይቷል። ስለዚህ በርጫ ላይ ውሎ ትራማዶል የሚውጥ ሰው መድኃኒቱ ሳይነቃ ሊቀርበት ይችላል። «ውሃ ነው» ያለውም ለዚህ ይሆናል።

አደጋው የሚመጣው «አልሠራም» ብሎ ሁለት ሲውጥ ነው። ያልተቀየረው ትራማዶል ሕመም ባያስታግስም ዝም ብሎ አይቀመጥም። አእምሮ ውስጥ የራሱ ሥራ አለው፤ ሲበዛ የሚጥል በሽታ እንደያዘው ሰው ያንቀጠቅጣል። ጫቱ ደግሞ በበኩሉ አነቃቂ ነው፣ ልብም ያስሮጣል። ሁለቱን ደርቦ መያዝ እሳት ከእሳት ነው። ጫት ያልቃመበት ቀን ሲመጣ ደግሞ ኢንዛይሙ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል፤ ያን ዕለት «ሁለት ሁለት» ያለው መጠን የምር ሁለት ይሆናል። ያ ቀን ከደሴ ሰው ሞልቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የሚወርድበት ቀን እንዳይሆን። ጫቱን ይተው ብዬ እዚህ ስብከት አልጀምርም፤ በወሎ ጫት ወዳጃ ላይም፣ ዱዓ ላይም ያለ ነገር ነው። ግን ትራማዶል ወስዶ መሪ መያዝ የለበትም። በሰው ስም የታዘዘ መድኃኒት መዋጥም አልነበረበትም። የሹፌር ወገብ ብዙ ጊዜ የአቀማመጥ ነገር ነው፤ ሄዶ ይታይ። ሐኪሙ ሲጠይቀው ጫት እንደሚቅም ሳያፍር ይናገር።

ጫት ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። የመን ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ጫት እየቃሙ የተዋጠ አምፒሲሊን በደንብ ሳይመጠጥ ቀርቷል። አሞክሲሲሊንም በመጠኑ ተጎድቷል። ይህ የጉበት ጉዳይ አይደለም፤ ገና አንጀት ላይ የሚቀር ነው። አንቲባዮቲክ የታዘዘለት ሰው ከመቃሙ ቀደም ብሎ ይዋጠው።

ቡናም ከዚህ ወሬ አያመልጥም። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሁላችንም «ሲፕሮ» የምንለው፣ ለታይፎይድ ሲታዘዝ ትንሽ ቆይቶ የሚመጣ ስሞታ አለ፦ «መድኃኒቱ ልቤን ያስመታኛል፣ እንቅልፍ ነሳኝ።» (ታይፎይድ የተባለ ሁሉ ታይፎይድ ነው ወይ የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው፤ እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።) ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የሚወገደው በሌላ የጉበት ኢንዛይም ነው። በወትሮው አምስት ሰዓት ገደማ ሲሆን ግማሹ ይወጣል። ሲፕሮ ያንን ኢንዛይም ይይዘዋል። ካፌይኑ መውጫ አጥቶ ይከማቻል። ጠዋት አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ከሰዓት ደግሞ እንደገና አቦል ለሚል ሰው፣ ማታ ላይ ደሙ ውስጥ ያለው ስንት ሲኒ እንደሆነ አስቡት። መድኃኒቱን ማቋረጥ መልስ አይደለም። እስኪጨርሱ ድረስ በጠዋቷ አቦል ይወሰኑ፤ ልብ መምታቱ ካልቆመ ግን ይታዩ።

አሁን የባልዎ እህት። «የሚዋጥ ኪኒን ክንድ ውስጥ ያለውን እንዴት ያበላሸዋል?» ብለዋል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ክንድ ላይ የተቀበረችውን ዘንግ ኪኒኑ አይነካትም። ዘንጓ ግን የምትሠራው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሆርሞን ወደ ደም እየለቀቀች ነው። ደሙ ጉበት ውስጥ ይዞራል። የቲቢ መድኃኒቶች ውስጥ ሪፋምፒሲን የሚባል አለ፤ ሽንቷን ብርቱካንማ ያደረገው እሱ ነው። ሪፋምፒሲን ጉበት ተጨማሪ ኢንዛይም እንዲሠራ ያዛል። በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ኢንዛይሙ ይበረክታል፣ ከዘንጓ የሚወጣውንም ሆርሞን ከወትሮው በፍጥነት ያወድመዋል። እርግዝና ለመከላከል የሚበቃ ሆርሞን ደም ውስጥ ላይተርፍ ይችላል። እሷ ሁለት ወር ሆኗታል፤ ስለዚህ ነገሩ ደርሷል።

ጤና ጣቢያ የነገሯት ልክ ነው። በየቀኑ የሚዋጠው እንክብልም እንደዚያው ይዳከማል። ድንገት ሲሆን ፋርማሲ የሚገዛው ፖስት ፒልም በሪፋምፒሲን ይዳከማል፤ «እሱ አለ» ብላ አትተማመን። የሦስት ወሩ መርፌ ግን የሚሰጠው መጠን ትልቅ ስለሆነ ከሪፋምፒሲን ጋር ሊወሰድ ይችላል። ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ፣ መዳቡ ያለበት፣ ሆርሞን ስለሌለው ጨርሶ አይነካም። ኮንዶምም አለ። አንዱን እስክትጀምር ድረስ ኮንዶም ሳይረሳ። ዘንጓ ትውጣ ወይስ ትቆይ የሚለውን ከቤተሰብ ምጣኔ ባለሙያዋ ጋር ትወስን። የቲቢ መድኃኒቷን ጨርሳም ቢሆን ጉበቷ ወዲያው ወደ ልማዱ አይመለስም፤ ለአራት ሳምንት ያህል ጥንቃቄው ይቀጥል። የወር አበባዋ ከቀረ የእርግዝና ምርመራ ታድርግ። ክንድ ላይ ያለውን ለማዳን ብላ ግን የቲቢ መድኃኒቱን አንድም ቀን እንዳትዘል። ይህን ደጋግማችሁ ንገሯት።

የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቲቢ ሲይዘው ዶሉቴግራቪር በቀን አንዴ የነበረው ጠዋትና ማታ የሚሆነውም በዚሁ በሪፋምፒሲን ምክንያት ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ውስጥም ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው።

ሌላው የቲቢ መድኃኒት አይሶናይዚድ ደግሞ በተቃራኒው ያስቸግራል። እሱን የሚያስወግደው ኢንዛይም በብዙዎቻችን ዘንድ ዘገምተኛ ነው። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይቆያል፣ ነርቭ ይነካል፤ እግር ይደነዝዛል፣ ያቃጥላል። ቫይታሚን ቢ6 አብሮ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ «ይቺ ትንሿ ምን ትሠራለች» ብላ እንዳትተዋት። ብርቱካንማ ሽንት አያስደንግጣት። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቷ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ምግብ አስጠልቷት ማስመለስ ከጀመረች ግን ጉበቷ እየተጎዳ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ትሂድ።

ስለ ጥርስዎ። ደሴ ሲደርሱ ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ እንዲህ ይበሏቸው፦ «እያጠባሁ ነው። ባለፈው ወር አንዲት ትራማዶል 50 ወስጄ አስመለሰኝ፣ እስከ ማግስቱም ጣለኝ።» ይኸው ነው፤ የኢንዛይሙን ስም መጥራት አይጠበቅብዎትም። አሁን የሚወስዱት ማንኛውም ነገር ካለ ስትሪፑን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያሳዩ። «ነጯ ክኒን» ብሎ ማስረዳት ለማንም አይጠቅምም። ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ጥቁር አዝሙድም ቢሆን በየቀኑ የሚወስዱት ከሆነ ይናገሩ። ድድ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ ማጥባት አይከለክልም።

ለሕመሙ ለአብዛኛው ሰው ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ይበቃሉ። ሁለቱም ለምታጠባ እናት የሚመረጡ ናቸው። አይቡፕሮፌኑን ምግብ ቀምሰው ይውሰዱት፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎ ግን ይተዉት። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራሙ ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ አይበልጥም። ብዙ ሰው ፓራሲታሞልን እንደ ከረሜላ ያየዋል። ጉበት ከሱ ጥቂቱን ወደ መርዝ ይቀይራል፣ መርዙንም ወዲያው ያመክነዋል። ሲበዛበት ግን ማምከኛው ያልቃል፣ መርዙ ጉበቱን ራሱን ይበላዋል። አረቄ የሚያዘወትር፣ ምግብ ያጣ፣ ወይም ጉበቱ የታመመ ሰው ማምከኛው ቀድሞ ያልቅበታልና ከስምንት በታች የሆነውም ለሱ ሊበዛበት ይችላል። የጉንፋን መድኃኒቶችም ውስጥ ፓራሲታሞል አለ፤ ደርበው እንዳይወስዱ።

ሕመሙ በዚህ ካልተቻለ ለሐኪሙ ይመለሱ እንጂ ከጎረቤት ስትሪፕ አይበደሩ። ሐኪሙ ከበድ ያለ ነገር የግድ ነው ካለ፣ ለአጭር ጊዜና በትንሽ መጠን ይሁን፤ ያን ቀን ሌላ አዋቂ ሰው ቤት ይኑር። ልጁ ከወትሮው በላይ ካንቀላፋ፣ ጡት ለመሳብ ከደከመ፣ ወይም ትንፋሹ ቀስ ካለና ከተቆራረጠ «ይሻለው ይሆናል» ሳይሉ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ የወሰዱትን መድኃኒት ስትሪፕም ይዘው ይሂዱ።